«እመለሳለሁ» ማለትን ማስተማር፦ ለወላጆች የተዘጋጀ የልጆች የግብይት መመሪያ

ክረምት ሲገባ ታላቁ ልጄን ጫማ እንዲገዛ ብር ቆጥሬ ሰጥቼ ወደ መርካቶ ላክሁት። የኛን፣ የጅማውን መርካቶ ማለቴ ነው። አስራ አምስት ዓመቱ ነው። ሂሳብ ይችላል፤ የጫማ ዓይነትም ከኔ የተሻለ ያውቃል። ምን ይሳነዋል ብዬ ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰ። የያዘው ጫማ ይጠበዋል። ቀለሙንም እንዳልወደደው ፊቱ ይናገራል።

«ታዲያ ለምን ገዛኸው?» አልኩት።

መሬት መሬት እያየ፣ «ሰውዬው ሰባት ጫማ አወረደልኝ፤ አፈርኩ» አለኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ሶሉ ተላቀቀ። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ አይገረምም።

ስለ ቁጠባ ስመክረው ኖሬያለሁ። ከሱቅ ባዶ እጁን መውጣት ግን አንድም ቀን አሳይቼው አላውቅም። ከዚያ ወዲህ እሱንና የአስራ አንድ ዓመት እህቱን በተግባር ማለማመድ ጀመርኩ። አንዳንዱ ሰምሯል፣ አንዳንዱ ተበላሽቶብኛል። የሠራውን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

1. በራሳቸው ብር ይጀምሩ

ልጅን «ሂድና አንድ ኪሎ ሽንኩርት ግዛ» ማለት መላላክ ነው። ምን፣ ስንት፣ ከየት የሚለውን የወሰንነው እኛ ነን፤ እሱ እግሩን ብቻ ነው ያዋሰን። መወሰን የሚለመደው የራስ ነው በተባለ ብር ነው።

ለትንንሾቹ ከመልስ ጀምሩ። «ከዚህ ብር ያስተረፍሽው ያንቺ ነው» በሏት። ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ልጄ በመጀመሪያው ሳምንት መልሱን ለማብዛት ብላ የለሰለሰ ሽንኩርት ይዛልኝ መጣች። ብልጥ ናቸው! ስለዚህ አንድ ሕግ ጨመርን። ዕቃው ቤት ሲደርስ ይታያል፤ የተበላሸው ከመልሱ ይታሰባል። ከዚያ በኋላ ሽንኩርቱን አንድ በአንድ እየጨበጠች መምረጥ ጀመረች።

አስራ ሁለት ዓመት ላለፈው ልጅ አንድ ዘርፍ እንዳለ አስረክቡት። እኛ ቤት ጳጉሜን ላይ የዓመቱ የደብተርና የስክሪብቶ ብር በሙሉ ለልጁ ተሰጠ። ተጫዋች የተሳለበት ባለ ወፍራም ሽፋን ደብተር ገዛበት። ታኅሣሥ ላይ ደብተር አለቀበት። አልገዛሁለትም። የአምናዎቹን ደብተሮች ባዶ ቅጠሎች ገንጥሎ በመርፌ ሰፍቶ ተጠቀመ።

እዚህ ላይ የሚፈተነው ወላጁ ነው። አትደጉሙት። በተለይ አያቶችን ጠብቁ። የኔ እናት በድብቅ ሁለት ደብተር አቀብላው የሦስት ወር ትምህርቴን ልታፈርስብኝ ነበር።

2. ከቤት ሳይወጡ ሦስት መስመር ይጻፉ

ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ በቃል የተባለ ነገር ገበያ ሲደርሱ ይረሳል።

ለምን ያስፈልገኛል? ቤት ውስጥ እሱን የሚተካ ምን አለ? እስከ ስንት ብር እከፍላለሁ?

ሁለተኛው ጥያቄ ብቻውን ብዙ ግዢ ያስቀራል። ልጄ ቦርሳ አምሯት ሳለ ቁም ሳጥኑን ፈትሺ አልኳት። ዚፑ ብቻ የተበላሸ ቦርሳ ተገኘ። ልብስ ሰፊ ጋ ሄደን ዚፑን አስቀየርን፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

ሦስተኛው ደግሞ ጣሪያ ነው። ቁጥሩ ከቤት ካልተወሰነ ሻጩ ይወስነዋል። እኔ ትንሽ ከፍ አድርገው እንዲጽፉ እፈቅዳለሁ። ከጻፉ በኋላ ግን እዚያው ገበያ መሐል ሆኖ ማሻሻል የለም።

ለትልልቅ ነገሮች ከሐሙስ እስከ ሐሙስ እንጠብቃለን። የጅማው ሂርማታ ገበያ የሚደምቀው ሐሙስ ስለሆነ ለልጆቹ ለማስታወስ ይመቻል። በዚህ ሐሙስ ያማረህን በሚቀጥለው ሐሙስም ካማረህ እንነጋገራለን። ከግማሽ የሚበልጠው ምኞት ማክሰኞ ሳይደርስ ይረሳል። ጆሮ ላይ የሚሰካው ማዳመጫ ግን ሦስት ሐሙስ አልፎም አልተረሳም። እሱ ተገዛ።

3. ብር ሳይያዝ ገበያ ይወጣል

ይህን ብዙ ሰው አይሠራውም፤ ለኔ ግን ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ነው። ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ፤ ኪሳቸው ባዶ ይሁን። ሥራቸው አንድ ዕቃ መርጦ ቢያንስ አራት ቦታ ዋጋ መጠየቅና መጻፍ ነው። አስፋልት ዳር ያለው ሱቅ፣ ገባ ብሎ ያለው፣ መሬት ላይ ዘርግቶ የሚሸጠው፣ ሰፈር ያለው።

ልጆቹ የሚደነግጡት በልዩነቱ ነው። አንድ ዓይነት ጃንጥላ፣ አንድ ዓይነት ቀለም፣ አራት ዋጋ። «ለምን?» ብለው ሲጠይቁ ትምህርቱ ራሱ ይመጣል። የአስፋልት ዳር ኪራይ ከባድ ነው። አንዱ ከአዲስ አበባ በብዛት ያስመጣል፤ ሌላው እዚሁ ከጅምላ አከፋፋይ ጥቂት ጥቂት ይወስዳል። አንዱ ደግሞ የልጁን ፊት አይቶ ነው የጠራው።

በነገራችን ላይ፣ ልጆቻችሁ ኦሮምኛ ከቻሉ በኦሮምኛ ይጠይቁ። «ሜቃ?» (ስንት ነው?) ብሎ የሚጀምር ልጅ እንደ እንግዳ አይታይም። የማይችል ካለ ደግሞ ከገበያ የተሻለ ትምህርት ቤት አያገኝም።

4. «እመለሳለሁ»

አሁን ወደ ዋናው መጣን። ልጆቻችን ሲታለሉ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋ ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ይሉኝታ ይይዛቸዋል። ሻጩ ደክሟል፣ ዕቃ አውርዷል፣ «የኔ ልጅ» ብሏቸዋል። በትልቅ ሰው ፊት «አልፈልግም» ማለት ነውር ይመስላቸዋል። እንዲህ አድርገን ያሳደግናቸው ደግሞ እኛው ነን።

ስለዚህ ቤት ውስጥ ተለማመዱት። እኔ ሻጭ እሆናለሁ። ሶፋው ላይ ጫማ እደረድራለሁ፣ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አደርጋለሁ።

«ና ጎበዝ፣ ግባ! ይሄ ኦርጂናል ነው። ላንተ ነው የመጣው።»

«ስንት ነው?»

«አንተ እኮ ደንበኛዬ ነህ፣ አይከብድህም። ቁጥር ስንት ታደርጋለህ? አምጣ እግርህን።»

ልጁ ዋጋው ሳይነገረው ጫማውን ያደርጋል። እዚህ ላይ አቆመዋለሁ። ምን ሆነ? ዋጋ ጠየቀ፣ መልስ አላገኘም፣ ግን እግሩን ሰጠ። እንደገና።

«መጀመሪያ ዋጋውን ይንገሩኝ።»

«እሺ ይሄን ያህል። የመጨረሻው ነው፤ ከሰዓት ብትመጣ አታገኘውም።»

«አመሰግናለሁ። አይቼ እመለሳለሁ።»

«እንዴ! ይሄን ሁሉ አስወርደህኝ?»

ልጁ ይሟሟል። የመጀመሪያ ቀን ሁለቱም እዚህ ወደቁ። ትንሿ እንዲያውም በጨዋታ መሆኑን ረስታ ብር ልትቆጥርልኝ ነበር። መልሱ አጭር እንዲሆን ነገርኳቸው። ፈገግ ይበሉ፣ «ይቅርታ፣ ስላደከምኩዎት። አይቼ እመለሳለሁ» ይበሉና እግር ይንቀሳቀስ። ምክንያት መደርደር አያስፈልግም። ምክንያት ከሰጡ ሻጩ መልስ አለው። «ብር አልያዝኩም» ካሉት «ቀብድ ተው»፣ «እናቴን ልጠይቅ» ካሉት «ደውልላት» ይላል። «እመለሳለሁ» ለሚል ሰው ግን ብዙም መልስ የለም።

ሕጉም ከልጆቹ ጋር ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ዕቃውን አማርጦ ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ እንደማይገደድ ይናገራል። በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብትም አለው። ይህን ለልጄ ስነግረው ዓይኑ በራ። «ሕግ አለ?» አለኝ። ሱቅ ውስጥ አዋጅ ጥቀስ አላልኩትም፤ ሰው ይስቅበታል። ማወቁ ግን አንገቱን ቀና አድርጎለታል።

ከአራት አምስት ልምምድ በኋላ ብቻቸውን ላኳቸው። እናንተ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ጣልቃ አትግቡ፣ ምላሳችሁ ቢበላችሁም።

5. በእጅና በዓይን መፈተሽ

እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ መፈተሻ አለው። ሁሉን መዘርዘር አይቻልም፤ እኛ ቤት በብዛት የሚገዛውን ልንገራችሁ።

ጫማ፦ ከሰዓት በኋላ ይለካ፣ ቀን የዋለ እግር ያብጣልና። ሁለቱንም እግር ያድርግና ይራመድ፤ አንዱን ብቻ አድርጎ መግዛት የለም። ሶሉን እጠፉት። ጠርዙ ላይ ማስቲሹ ከተከፈተ ይቅር፤ ሱቅ ውስጥ የተከፈተ ዝናብ ላይ ይለያያል። ጠርዙ ላይ ክር ካለ ደግሞ በጥፍር ነካ አድርጉት። ሲያዩት ስፌት የሚመስል ነገር ግን በፕላስቲኩ ላይ የታተመ ብቻ የሆነ ጫማ ሞልቷል። የልጄ ጫማ እንደዚያ ነበር። ሶሉ ከተላቀቀ በኋላ ነው ያየነው።

ስልክ፦ *#06# ይደውል። የስልኩ መለያ ቁጥር ይወጣል። ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ያገለገለ ስልክ ከሆነ ቻርጀር ሰክቶ፣ ካሜራ ከፍቶ፣ ሲም አስገብቶ፣ ደውሎ ነው። ፍላሽና ሚሞሪ ላይ ደግሞ ከላዩ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ። ሙሉ አቅሙን የሚሞላ ፊልም ገልብጣችሁ ከፍታችሁ እዩ።

የታሸገ ምግብ፦ የማብቂያ ቀን። ይህን ሁሉም ሰው ይላል፣ ልጆች የሚሳሳቱበትን ግን ማንም አይነግራቸውም። ብዙው ዕቃ ላይ ያለው ዓመት የፈረንጅ ነው። ልጄ ብስኩት ላይ 03/2026 የሚል አየችና «እማ፣ ስምንት ዓመት ይቆያል!» አለችኝ። በኛ መጋቢት 2018 መሆኑን አስቆጠርኳት። ከፈረንጁ ዓመት ላይ ሰባት ወይም ስምንት መቀነስ አሁን በጣቷ ትሠራዋለች።

6. ሂሳቡን በአንድ መለኪያ ማምጣት

ሁለት ሳሙና አለ እንበል። አንዱ 150 ግራም፣ 60 ብር። ሌላው 250 ግራም፣ 90 ብር። ልጆች 60ውን ያነሳሉ፣ «ይረክሳል» ብለው። በመቶ ግራም ሲታሰብ የመጀመሪያው 40 ብር፣ ሁለተኛው 36 ብር ነው። ዋጋዎቹን ለስሌት እንዲመቸኝ ነው የወሰድኳቸው፤ የገበያው በየሳምንቱ ይለዋወጣል። ትልቁ ሁልጊዜ ይረክሳል ብላችሁ ግን አታስተምሩ። አንዳንዴ ትንንሹ ሳሼ ተደምሮ ከትልቁ ጠርሙስ ያንሳል። መቁጠር ነው እንጂ መገመት አይሠራም። የማያስፈልግ ከሆነ ደግሞ ርካሹም ውድ ነው፤ ይሄኛው ወደ ቁጥር 2 ይመልሰናል።

ለጅማ ልጅ የሚመች ሌላ ስሌት ቡና ነው። ጥሬ ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህል ያጣል። አንድ ኪሎ ጥሬ በ600 ብር ገዛን እንበል። 20 በመቶው ከጠፋ እጃችን ላይ የሚቀረው 800 ግራም ነው። ስለዚህ የተቆላው ኪሎ ዋጋ 750 ብር መጣ ማለት ነው፣ ከሰል ሳይታሰብ። አሁን ተቆልቶና ተፈጭቶ ከሚሸጠው ጋር አወዳድሩት። ልጄ ይህን በወረቀት ሠርቶ «ታዲያ ለምን እንቆላለን?» አለኝ። ለጭሱ ስል ነው አልኩት። ይህም ዋጋ አለው፤ ማወቅ ያለበት ለጭሱ ስንት እንደምንከፍል ነው።

ሊገዙ ሲሄዱም ጥሬውን ዘግነው ያሽትቱት። እርጥበት ወይም ሻጋታ ሻጋታ ካለ ይተዉት። ጥቁርና የተሰባበረ ፍሬ የበዛበትንም እንዲሁ።

7. ክርክር

አጭር ነው። ለመግዛት ካልወሰነ አይከራከር። ወዶት ከሆነ ፊቱ ላይ አያሳይ። «የመጨረሻው ስንት ነው?» ይበል፣ የራሱን ዋጋ አንዴ ይጥራ፣ ዝም ይበል። ዝምታው ይከብዳቸዋል፣ ግን የሚሠራው እሱ ነው።

ጉልት ላይ አራት መደብ ቲማቲም ዘርግተው ከተቀመጡ እናት ጋር ግን ልጆቼ እንዲከራከሩ አልፈቅድም። «ይመርቁልኝ» ማለት ይበቃል። ይህ የኔ ቤት ሕግ ነው፤ የማትስማሙ ትኖራላችሁ።

8. ደረሰኝ

የልጄ ጫማ ሲላቀቅ ሱቁ ድረስ አብሬው ሄድኩ። ሰውዬው ጫማውን አገላብጦ አየና «ይሄ ከኔ አልተገዛም» አለ። ደረሰኝ የለንም። ተመለስን። ልጄ መንገዱን በሙሉ አልተናገረም፣ ባጃጅ ውስጥም ዝም።

በዚያው አዋጅ መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ሻጩ የተሻለ ዋስትና ሰጥቶ ከሆነ ደግሞ እሱ ይሠራል። ያለ ደረሰኝ ግን ከየት እንደተገዛና መቼ እንደተገዛ በምን ታሳያላችሁ? እኛ ደረሰኝ ባለመያዛችን ላይ በሦስተኛው ሳምንት ነው የሄድነው። ሁለቱንም ተሳስተናል።

«ያለ ደረሰኝ ልቀንስልህ» የሚል ይመጣል። ልጁ ያን ጊዜ የሚቀነስለት ምን እንደሆነ ይወቅ። በተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ነጋዴ ከሆነ የሚዘለለው 15 በመቶ ታክስ ነው፤ አብሮ የሚዘለለው ደግሞ የልጁ የመመለስ መብት። ደረሰኙን ቤት የሚያስቀምጡበት አንድ ቦታ ይኑር። እኛ የብስኩት ጣሳ አለን። የደረሰኝ ጽሑፍ እየደበዘዘ ስለሚጠፋ ወዲያው በስልክ ፎቶ ይነሳ።

ዕቃ ሲመልሱም በጠዋት፣ ገበያ ሳይሟሟቅ፣ በጨዋ ቃል ነው። ደረሰኝ ይዘው እምቢ ከተባሉ አቅራቢያ ያለው ንግድ ጽሕፈት ቤት ቅሬታ ይቀበላል።

9. ስልክ ውስጥ ያለው ገበያ

እዚህ ላይ ልጆቹ ከኔ ይቀድማሉ። ቴሌግራም ቻናል፣ ቲክቶክ፣ «ዋጋ በውስጥ መስመር»። ዋጋውን በአደባባይ የማይጽፍ ሻጭ ዋጋውን እንደ ገዢው ሊያደርግ ይችላል፤ ይህን ብቻ ማወቅ ብዙ ነው። ዕቃውን የሚያሳየው ታዋቂ ልጅ ተከፍሎት ሊሆን እንደሚችልም ንገሯቸው። ልጄ ይህን ሳይቀበለኝ አንድ ወር ቆይቷል።

ሕጋችን አንድ ነው፦ ዕቃው እጅ ሳይገባ ብር አይላክም። «ከአዲስ አበባ በባስ እንልክላችኋለን፣ ቀድማችሁ ክፈሉ» የሚባለው ለኛ ለክልል ልጆች የተዘጋጀ ወጥመድ ሊሆን ይችላል። ሐቀኛ ሻጮች አሉ፤ ግን ለማያውቁት ሰው በቴሌብር የላኩትን ማስመለስ ቀላል አይደለም። እዚሁ ጅማ ሲረከቡ የሚከፈልበት መንገድ ካለ ይሁን፤ ከሌለ ይቅር። የሚስጥር ቁጥር ደግሞ ለማንም አይነገርም፤ የጓደኛ ወንድም ቢሆንም።

10. የቡና ብርና ዱቤ

በኛ አካባቢ ብር ወቅት አለው። ቡና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሲለቀም ከተማው ይሞቃል። ነጋዴውም ያውቃል። ሰኔና ሐምሌ ግን ብዙ ቤት ኪሱ ሳስቶ ነው የሚሰነብተው፤ ጃንጥላና ቦት ጫማ የሚያስፈልገውም ያኔ ነው። ስለዚህ ልጆቹ የዓመት ቀን መቁጠሪያ ላይ የሚያስፈልጋቸውን አስቀድመው ይጻፉ። ጃንጥላ ጥር ላይ፣ ፈላጊ በሌለበት። ደብተር ከጳጉሜን ግፊያ በፊት።

ዱቤን በተመለከተ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለውን አባባል ተጠቅሜያለሁ። የሰፈር ሱቅ ለልጅ ዱቤ እንዳይሰጥ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከዱቤ ይልቅ ትንሽ እቁብ ይሻላል። ልጄ ከአራት ጓደኞቹ ጋር በየሳምንቱ የሚጣል እቁብ አላቸው። ዳኛው እሱ ነው፤ ደብተሩም የተሰፋው ደብተር ነው።

11. ከገዙ በኋላ

ከወር በኋላ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ስንት ቀን ተጠቀምክበት? ዋጋውን ለቀኑ ያካፍል። ሦስት ሳምንት የቆየው ጫማ በቀን ስንት እንደወሰደ ልጄ ራሱ አውጥቶ በር ጀርባ ለጠፈው። እኔ ምንም አልጨመርኩም። «ብዬህ ነበር» የሚለው ቃል ይህን ሁሉ ልፋት ገደል ይከተዋል።

ሁለተኛውን ጫማ ለመግዛት ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። በሁለተኛው ቀን ደክሞት፣ ርቦት፣ ጫማ ሳይይዝ ገባ። መዳፉ ላይ በስክሪብቶ አራት ዋጋ ጽፏል። እጁን ሳይታጠብ ቀርቦ «የታችኛውን ነው የምወስደው፣ ነገ» አለኝ።

እኔስ? ባለፈው ቅዳሜ ከልጄ ጋር ሲኒ ልናይ ገባን። ሴትዮዋ ረከቦቱንም፣ ሲኒውንም፣ ጀበናውንም አውርዳ ደረደረችልኝ። ላብ በላብ ሆናለች። ቤት ሁለት ሙሉ የሲኒ ስብስብ አለኝ። እጄ ግን ቦርሳዬ ውስጥ ገብቷል። ልጄ ነጠላዬን ሳብ አደረገችና፣ «እማ፣ ሐሙስ እንመለሳለን በያት» አለችኝ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ።

ሴትዮዋ ሳቀች። «ይቺን ልጅ ማን ነው ያስተማራት?» አለችኝ።

«እንጃ» ብያት ወጣን።